ከቦንጋ ጫካ እስከ አራት ኪሎ፦ ከእትዬ ጋር የሰነበትኩበት ሳምንት

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከቦንጋ የተነሣነው ገና ሳይነጋ ነው። እትዬ «መስኮቱን ለኔ» ብለው ዳር ያዙ። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ቀኙም ተከትሎ እየደበዘዘ ነው። ቢሆንም መስኮት መስኮት ነው።

የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ስለሚላቸው እኔም አክስቴ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። አባታቸው ከጎንደር መጥተው ካፋ የቀሩ ደብተራ ነበሩ፤ እናታቸው የዚያው አገር ተወላጅ። የአባትየውን የብራና ደብተር ወንድማቸው ወረሱ፤ እትዬ ከእናታቸው ጫካውን ወረሱ። ደብተሩ ቤት ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ጫካው ግን አለ። አብዛኛው አለ ማለት ይሻላል።

እግሬ ሥር ዘንቢል አለ፦ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ለዘመድ የሚሰጥ ማር። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ በጋዜጣ ተጠቅልላ በሁለት ወፍራም ደብተር መሐል የተጫነች አንዲት ቅርንጫፍ አለች። የመጣነው ለእትዬ ዓይን ነው፤ እግረ መንገዳችንን ለዚህች ቅርንጫፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ወደ 760 ሺህ ሄክታር። እምብርቱ አይነካም፣ ዙሪያው በልክ ይነካል፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ያርሳል፣ ይኖራል። የእኛ ቀበሌ ዙሪያው ላይ ነው። እዚያ ጫካውን የሚጎዳው መጥረቢያ ብቻ አይደለም፣ ገጀራም ነው። የጫካ ቡና ያለው ሰው ለቀማው ሳይደርስ የቡናውን ሥር ይመነጥራል። ትልልቁ ዛፍ ለጥላ ይቀራል፣ ቡናው ይቀራል፤ መሐል ያለው ቁጥቋጦና ሐረግ ይሄዳል። ከሩቅ ያየ ሰው ደን ነው ይላል። የእትዬ መድኃኒት ግን አብዛኛው ከወገብ በታች ያለው ነው።

ባለፈው ዓመት የደን ማኅበራችን በምንጣሮ ጊዜ የማይነኩ ዕፅዋትን ልዘርዝር ብሎ ተነሣ። የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ ቅጹን የመሙላቱ ሥራ ለኔ ተሰጠ። ቅጹ ላይ «ሳይንሳዊ ስም» የምትል ሳጥን አለች። እትዬ ከሚያውቋቸው ውስጥ አብዛኞቹን ከመጽሐፍ አገኘኋቸው። አንዷ ግን አቃተችኝ፤ ወንዝ ዳር ጥላ ውስጥ የምትበቅል፣ ቅጠሏ ሲታሽ የሎሚ ልጣጭ የምትሸት። ለምን እንደምትሆን እትዬ አልነገሩኝም። ምን ብለው እንደሚጠሯትም አልነገሩኝም። ቅርንጫፏን ራሳቸው ቆርጠው ሰጡኝ፣ ያውም ብዙ ካንገራገሩ በኋላ። ሥፍራዋንም ያሳዩኝ ዘንድ ብለምን እሺ አላሉም።

ጊቤ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ እትዬ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር። መስኮቱን ጣት ታህል ከፈቱና «ቆላ ገባን» አሉ። ከዚያ ወልቂጤ፣ ወሊሶ፣ ጎማ ለመቀየር አንድ ሰዓት።

አዲስ አበባ ስንደርስ መሽቷል። ታክሲያችን በፒያሳ በኩል አለፈ፤ ተማሪ ሆኜ የማውቃት ፒያሳ ግን የለችም። በ2016 ፈርሳ ሰፊ መንገድና ሜዳ ሆናለች፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያው መብራት ከወዲያ ያበራል።

«ዛፍ አለ?» አሉ እትዬ።

«አለ፤ መንገዱ ዳር ዘንባባ ተክለዋል።»

«የሆሳዕናው?»

«አይ፣ የማሳመሪያው ነው።»

«ጥላም የለው፣ ፍሬም የለው?»

ቀበና የአጎቴ ልጅ ቤት እስክንደርስ ሌላ ነገር አልጠየቁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ዓይን ሕክምና። ወረፋውን አላወራውም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ለእትዬ ወንበሩን ራሷ ነው ያስተካከለችላቸው። በመሣሪያው ካየቻቸው በኋላ «እማማ፣ ዓይንዎ ላይ የባህል መድኃኒት አድርገው ያውቃሉ? ቅጠል ጨምቀው፣ ዱቄት ምናምን?» አለቻቸው። እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አየሁ፤ ማንን እንደምትጠይቅ አታውቅማ።

እትዬ አልተቆጡም። «በሰው ዓይን ላይ ቅጠል ጨምቄ አላውቅም፤ በራሴማ እንዴት ብዬ! ለስብራት ወጌሻ አለ። ለዓይን እናንተ አላችሁ። እኔ የምገባበትን አውቃለሁ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየቻቸው። ከዚያ ምን ምን እንደሚያክሙ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ሦስት ነገር ብቻ ነገሯት፤ ሦስቱም ማንኛዋም እናት በጓሮዋ ያላት ነገር ነው። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ግራዋ። ደጅ ስንወጣ «ምነው ሌላውን ደበቁ?» ብላቸው «የጠየቀችኝን መለስኩ፣ ላስተምራት አልመጣሁ» አሉ። ቀዶ ሕክምናው ለረቡዕ ተቀጠረ።

ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ። የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመ። የደረቀ ተክል በወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደለቀመው ተጽፎ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የአገሪቱን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ባለ ስምንት ቅጽ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ሲሠራ አንዱ ዋና መሠረቱ ይኸው ክምችት ነበር። ወደ 6 ሺህ ዝርያ ተመዝግቧል፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል በሌላ አገር የማይገኝ ነው።

የተቀበለን ወጣት ተመራማሪ ጋዜጣውን ገለጠ። መጀመሪያ ያለው «አበባ የላትም? ፍሬስ?» ነው።

«የላትም።»

«ወንድሜ፣ በቅጠል ብቻ ለይልኝ ማለት ሰውን በጫማው ለይልኝ እንደ ማለት ነው።» ቢሆንም አልተወንም። አንዷን ቅጠል አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋት። «ና እየው።» ቅጠሏ በመርፌ የተወጋጋች ይመስል ነቁጥ በነቁጥ ሆና ብርሃን ታሳልፋለች። የዘይት ከረጢቶች ናቸው፤ ሽታው ያለው እነሱ ውስጥ ነው። «የሎሚ ቤተሰብ ናት። እዚህ ድረስ እርግጠኛ ነኝ። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ጤና አዳም፣ ልምጭ፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ከዚህ ወዲያ የማን ልጅ እንደሆነች አበባዋን ሳላይ አልናገርም።»

እኔ በደስታ ለእትዬ አስረዳኋቸው፤ ሎሚና ጤና አዳም አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ የሚደነቁበት ነገር ነው። እትዬ «ይሸታታሉ እኮ፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉ።

ተመራማሪው እየሣቀ ሌላ አንድ ወረቀት አወጣልን፣ እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ያለ። እትዬ ሊነኩት እጃቸውን ሰደዱ፣ መለሱ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ምንም። ዘይቱ ከዓመታት በፊት ተንኗል። ለኔ ግን ወረቀቱ ሌላ ነገር ነበር። የተለቀመበት ቦታ ዛሬ የእርሻ አገር የሆነ ሥፍራ ነው፤ ያ ቦታ አንድ ቀን ጥላ ያለው ጫካ እንደነበር ከዚያች ቁራጭ ጽሑፍ በቀር የሚመሰክር የለም።

«እናቴ፣ ለምን ትጠቀሙባታላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«ለቤት» አሉ እትዬ።

ደብተሩን ዘጋ። አልገፋም። እንዲያውም የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድ የሚለውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ያነሣልን እሱ ነው። በአበባ ጊዜ ይዘናት እንድንመለስ ነገረን። «መቼ ነው የምታብበው?» ብዬ ወደ እትዬ ዞርኩ። ነጠላቸውን ያስተካክሉ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

መርካቶ። ረዳቱ «እማዬ ጠጋ ጠጋ» ሲላቸው «የት ልጠጋ፣ የሰው ጭን ላይ?» ብለው ታክሲውን አሳቁት።

ሐሙስ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ቤት የሚታጠንበት ቀን። እትዬ የአጎቴን ልጅ ቤት በቀበሪቾና በወገርት ሳላጥን አልሄድም ብለዋል። የባህል መድኃኒቱ ጥግ ከቅመማ ቅመሙ ጎን ነው። ማዳበሪያ ላይ የተዘረጋ ሥር፣ ልጣጭ፣ ፍሬ፣ ዱቄት። እንቆቆ፣ መተሬ፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ውኃ የተርከፈከፈበት የዳማከሴ እስር። የኮሶ አበባ እንደ ተተረተረ ሹራብ ተንጠልጥሏል። ጥሬ ሥጋ የሚወዱት አያቶቻችን በሁለት ወር አንዴ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው ከቤት አይወጣም፣ ማንም ምነው ቀረህ አይለውም። የሕመም ፈቃድ ማለት ነው። እትዬ አበባውን ዳበስ አድርገው «ሴቴ ናት፣ ደህና ናት፤ ግን ልኳን ለማያውቅ አትሽጪ፣ የበዛ ኮሶ ዓይን ያጠፋል» አሏት ሻጯን።

ሻጯ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፈጣን ምላስ ያላት ሴት ናት። ቀበሪቾ ብላ አንድ እፍኝ አቀረበች። ከዚህ በኋላ የሆነውን ቀስ ብዬ ልጻፈው፤ ከጉዞው ሁሉ የወደድኩት ነገር ስለሆነ። እትዬ አንዱን ቁራጭ አነሡ። በአውራ ጣታቸው ዳርና ዳሩን ሄዱበት። በጥፍራቸው ፋቁት፣ አፍንጫቸው ሥር ያዙት፣ ቆዩ። ሰበሩትና የተሰበረውን በኩል ምላሳቸው ላይ ነካ አደረጉት። «ይሄ ከቀበሪቾ ጋር የተኛ እንጨት ነው» አሉ። «ሽታው የጎረቤቱ ነው።»

ሻጯ መጀመሪያ ተኮሳተረች። ቀጥላ ሣቀች። ከመቀመጫዋ ሥር ሌላ ከረጢት ስባ «ለሚያውቅ ይኸው» አለች፤ ዋጋው እጥፍ። እትዬም ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ ይህን አይቼ አላውቅም።

«ድሮ በማዳበሪያ ይመጣልኝ ነበር» አለች ሻጯ ገንዘቧን እየቆጠረች። «አሁን በኪሎ ነው። እሱም ቀጫጭን።»

ቀበሪቾ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅልም። የሚፈለገው ሥሩ ነው፤ ሥሩ ወጣ ማለት ተክሉ አለቀ ማለት ነው። ዘር ሳይጥል ከተነቀለ ምትክ የለውም። ቅጠሉ የሚፈለገው ዳማከሴ ሺህ ጊዜ ቢቀጠፍ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ በየጓሮው አለ። በየጥናቱ መግቢያ ላይ «80 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ የባህል መድኃኒት ይጠቀማል» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፤ አንዱ ከአንዱ ሲቀባበላት የኖረች። እኔን ከመቶኛው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሕዝቡ ሥር ነው ወይስ ቅጠል የሚገዛው የሚለው ነው።

ከጎኗ ያለው ነጋዴ ልጣጭ ይሸጣል። እትዬ አንዱን ቢያነሡት እንደ ቧንቧ የተጠቀለለ፣ የክንዴን ያህል ወፍራም ነው። ጫፍና ጫፉን በጣታቸው ፈልገው አገናኙት። «ዞሮ ገጥሟል» አሉ። «ይሄን ያመጣው ሰው ዛፉን ገሎታል።» እሳቸው ልጣጭ የሚያነሡት ፀሐይ በምትወጣበት ጎን መዳፍ በምታህል ብቻ ነው፣ ያውም ያው ዛፍ ላይ በዓመቱ አይመለሱም። ምክንያቱን ሲጠየቁ ፀሐይን ይጠራሉ። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ቅጠል የሠራውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደው ልጣጩ መሆኑን ነው፤ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል፣ ዛፉ ቆሞ ይሞታል። ጥቁር እንጨት የምንለው ዛፍ ልጣጭ አውሮፓ ውስጥ ለፕሮስቴት ሕመም እንክብል ይሆናል፤ በዚሁ ምክንያት በካሜሩንና በማዳጋስካር ብዙ ስለተላጠ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። እኛም ጋ ይበቅላል። እስካሁን ብዙም አልደረሱበትም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

ስንወጣ አንድ ጎረምሳ በድምፅ ማጉያ አንድ ብልቃጥ ይዞ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለኪንታሮት፣ ለመካንነት፣ ለፈተና ፍርሃት እያለ ይጮኻል። እትዬ ቆመው ዝርዝሩን እስኪጨርስ ሰሙት። «የረሳው ሞትን ብቻ ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ገቡ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ዓይናቸው ተሸፍኖ ወጡ፣ «አለቀ እንዴ?» እያሉ። ውጭ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬን ስነካካ የቆየሁት በእንዶድ ነገር ነው፤ የሰኞው «ለቤት» ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎ።

እንዶድ ለእናቶቻችን ሳሙና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ወንዝ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነው። ከዚያች አንዲት ምልከታ የዕድሜ ልክ ምርምር ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የኋላው ታሪክ ግን ያንገበግባል፦ አሜሪካ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ ፍጥረትን በእንዶድ የመግደሉን ዘዴ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣበት።

ይህ የኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። የአማዞን ሕዝቦች ከአንድ ሐረግና ከአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል አፍልተው በሥርዓት የሚጠጡት አያዋስካ የሚባል መድኃኒት አላቸው። እንደኛ ጠበል ያለ ነገር ነው ብል ሊቃውንቱ ይቆጡኛል፤ ግን የሚጠጣው በጸሎትና በዜማ፣ በሚያውቅ ሰው ፊት፣ ከጾም በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ አሜሪካዊ የሐረጉን አንድ ዓይነት የኔ ግኝት ነው ብሎ ፓተንት ወሰደበት። የአማዞን ተወላጆች ድርጅቶች ተሟግተው በ1999 ውድቅ አስደረጉት፣ በ2001 ተመልሶ ጸደቀ፣ በ2003 ጊዜው አልፎበት ሞተ። ፔሩ በበኩሏ በ2008 ባህላዊ አጠቃቀሙን የብሔራዊ ቅርሷ አካል አድርጋ ዐወጀች። አሁን ደግሞ ፈረንጁ ለመጠጣት በአውሮፕላን እየጎረፈ ነው አሉ፤ ሐረጉ ደግሞ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ቀበሪቾን አስታወሰኝ።

ማታ እትዬ በአንድ ዓይናቸው ሽሮ እየበሉ «መድኃኒት ሲወራ ይረክሳል ትል ነበር እናቴ» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። ድሮ ይህን አጉል እምነት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ዛሬ አላለፍኩትም። ግን ሌላም ነገር አለ፤ እትዬ ልጅ የላቸውም፣ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። የተደበቀው ነገር ከተደበቀበት ጋር ይቀበራል። ይህን ልላቸው ፈልጌ ሽሮዬን በላሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሐኪሟ ትናንት «እማማ፣ ጭስና አቧራ አደራ» ብላ ነው የሸኘችን። በዓመት አንድ ቀን አዲስ አበባ በጭስ የምትታፈነው ደግሞ ዛሬ ነው።

ኅዳር ሲታጠን የመጣው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው፤ ዓለም የስፔን ጉንፋን ያለው። አዲስ አበባ ያኔ ሬሳ የሚቀብር ሰው አጥታ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ ኅዳር ሚካኤል ሲሆን ከተማው ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፣ ቤቱን ያጥናል። ቫይረሱ ጭስ ሰምቶ እንደማይሸሽ አውቃለሁ፤ ግቢ መጥረጉ ግን ማንንም አልጎዳም።

ፋሻው ሊነሣ ጠዋት ስንወጣ ከቀበና እስከ አራት ኪሎ ሰማዩ ግራጫ ነው። እንዳይቃጠል በየጊዜው ቢመከርም በየአጥሩ ሥር ትንንሽ ክምር ይጨሳል። እትዬን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍኜ እየመራኋቸው ነው።

«ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«እያጠኑ ነው እትዬ።»

«እጣን መስሎኝ! ላስቲክ ነው እኮ።» ቆሙ። «በላስቲክ ማንን ነው የሚያባርሩት?»

ሕክምናው ቤት ፋሻው ተነሣ። እትዬ መጀመሪያ ያዩት የሐኪሟን እጅ ነው፣ ቀጥለው እኔን። «ሸብተሃል» አሉኝ። ደስ የሚል ሰላምታ አይደለም። ሐኪሟ ግን በሣቅ ፈረሰች።

ማታ ክርክር ተነሣ። ቀበሪቾው ተገዝቷል፣ ቀኑ ዛሬ ነው፣ ጭስ ደግሞ ክልክል ነው። የአጎቴ ልጅ «ዘንድሮ ይቅር» አለች። እትዬ ትንሿን ልጇን፣ የስምንት ዓመቷን፣ ጠሯት። እሳቸው ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ፣ ከሥሩ ፎጣ አስደፈኑ፤ ልጅቷ ሳሎን ከከሰሉ ጋር ቀረች። ከዚያ በተዘጋ በር ትእዛዝ ተጀመረ። «ከሰሉ አመድ ለብሷል?» «ለብሷል።» «ነበልባል ካለ አታድርጊ፤ ነበልባል ያቃጥላል እንጂ አያጥንም። ወገርቱን አስቀድሚ። ሁለት ቁራጭ። አሁን ቀበሪቾውን፣ ባቄላ የምታህል። በቃ!» «ትንሽ ልጨምር?» «በቃ አልኩ። የቀረውን ጠቅልለሽ ለከርሞ አስቀምጪ።»

ሳሎኑ እንደ በርበሬም እንደ ቤተ ክርስቲያንም የሚሸት ጭስ ሞላው። ልጅቷ እያስነጠሰች በየጥጉ ዞረች፤ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ጀርባ፣ የራሷ ሐሳብ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ኋላ። በሩ ወዲያ እትዬ «ደርሶኛል፣ እውነተኛው ነው» ሲሉ ተሰማ፤ ፎጣውም አላገዳቸውም።

እኔ የተማርኩት የእህት ልጅ በዚያ ቤት ቁጭ ብዬ ሳይ፣ እሳቸው ያን ሁሉ ለማን እንደነገሩት አስተዋልኩ። ሳትጠይቅ ለሠራችው ልጅ ነው። እኔ ቅጽ ይዤ ነው የሄድኩባቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ነገ ሌሊት መሳፈራችን ነው። ጭሱ ጠርቷል፤ ጠዋት እትዬ ሰፈሩ ወዳለው ደብር ልሳለም አሉ። ጨርሰው ሲወጡ ግን ወደ በሩ አልሄዱም፣ ወደ ዛፎቹ ዞሩ። ሦስት ዓመት በማሽተት ያወቁትን በዓይናቸው እየዞሩ ተቆጣጠሩ፦ «ይቺ ወይራ። ያ ጥድ። ይሄኛው የፈረንጅ ጥድ ነው፣ አያታልለኝም። ያቺ ዝግባ... ኧረ አርጅታለች።» ከዝግባዋ ግንድ ላይ ምስማር ተመትቶ የማስታወቂያ ወረቀት ተሰቅሏል፤ ምስማሯን በጣታቸው ነካክተው ነካክተው አልነቀል ስትላቸው ተዉአት።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ገበሬው እስከ አጥሩ ድረስ አርሶታል፣ የቀረው የአገር በቀል ደን አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ነው። በኛም ጋ አባቶች የሚሰበሰቡባቸው፣ መጥረቢያ የማይገባባቸው ዛፎች ነበሩ፤ ልጅ ሆኜ አንዱ ጥላ ሥር ድንጋይ በመወርወሬ የተገረፍኩት አይረሳኝም። ያ ዛፍ አሁን የለም። ማን እንደቆረጠው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

እትዬ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን አሳረፉ። እኔ ስልኬን አውጥቼ የአውቶቡሱን ሰዓት እያረጋገጥኩ ነው።

«ያ ልጅ፣ አራት ኪሎ ያለው» አሉ።

«ተመራማሪው?»

«ለምን ትሆናለች ብሎ አንዴ ጠየቀኝ፤ ደግሞ አልጠየቀኝም።»

«አዎ።»

የዓይን መነጽራቸውን፣ ሐኪሟ የሰጠቻቸውን ጥቁሩን፣ አስተካከሉ።

«የካቲት መጨረሻ ላይ ነው የምታብበው። ነጭ ናት፣ ጥቃቅን፤ ሦስት ቀን ነው የምትቆየው። በጠዋት ና። ብቻህን ና።»

«እሺ እትዬ።»

«ቢላ ሳትይዝ።»